ልጃችን ሰነፍ ነውን?

ልጆችን ለቁም ነገር ማብቃት የወላጆች ሁሉ ምኞት መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በብዙ ቤት፣ ይልቁንም ማታ ማታ፣ በትምህርት ምክንያት የሚነሣው ቁጣና ልቅሶ ይህን ምኞት ወደ ሐዘን ሲለውጠው እናያለን። «ይህ ልጅ ሰነፍ ነው፤ ልቡን የት እንደሚጥለው አይታወቅም» የሚለው ቃል ከአባትም፣ ከእናትም፣ ከመምህርም አፍ ይወጣል። እኛም በዚህ ጽሑፋችን ይህ ቃል እውነት መሆን አለመሆኑን ለመመርመርና፣ እውነት ካልሆነም ወላጆች ምን ማድረግ እንደሚችሉ ለማመልከት አስበናል።

ለምሳሌ እንዲሆነን በፎገራ ሜዳ፣ ከወረታ ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ የሚኖር አንድ ቤተ ሰብ በአሳባችን እንመልከት። ልጁ 11 ዓመቱ ነው፤ 5ኛ ክፍል ይማራል። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ የሒሳቡን ደብተር ረስቶ የማያስፈልገውን ይዞ ይሄዳል። ሲመለስ ከብት ያግዳል፤ ሩዙ ሲያፈራም ወፍ ይጠብቃል። ማታ እናቱ «ልጄ፣ የቤት ሥራ አለህን?» ብትለው «የለኝም፣ እማዬ» ይላታል። ዋሽቶ አይደለም፤ ፈጽሞ ረስቶት ነው። አንዳንድ ቀን አስታውሶ ደብተሩን ቢከፍትም፣ አንድ መስመር ጽፎ ዓይኑ ወደ ጥጃው ይሄዳል፤ ከጥጃውም ወደ በሩ፤ ከበሩም ወደ ደጁ። በነጋታው በመምህሩ ፊት ባዶ እጁን ይቆማል። ሆኖም ይኸው ልጅ ከመንጋው መካከል የጎደለችው ላም የትኛዋ እንደ ሆነች በአንድ እይታ ያውቃል፤ አንድ ጊዜ የሰማውንም ተረት ሳያስቀር ይናገራል። እንግዲህ ይህ ልጅ ደንቆሮ ነውን? ሰነፍስ ነውን? አይደለም።

በየገዳማቱ መጋቢ የሚባል ባለ ሹመት አለ። እህሉን በልክ የሚያወጣ፣ የሚቀድመውን ሥራ ከሚከተለው የሚለይ፣ የሚያስፈልገውንም በጊዜው የሚያሰናዳ እርሱ ነው። መጋቢው ያልበረታ እንደ ሆነ ጎተራው ሙሉ ሳለ ማኅበሩ ሊቸገር ይችላል። በሰው አእምሮም ውስጥ እንዲሁ የመጋቢን ሥራ የሚሠራ ኃይል አለ። የሥነ ልቡና ሊቃውንት ይህን ኃይል በሦስት ከፍለው ያስተምራሉ። መዠመሪያው፣ የተነገረንን ነገር ሥራው እስኪፈጸም ድረስ በልብ መያዝ ነው። ሁለተኛው፣ ዓይንና እጅ ወደ ሌላ ሲሳቡ ራስን መግታት ነው። ሦስተኛው፣ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው፣ ከአንዱም መንገድ ወደ ሌላው አሳብን ማዛወር ነው። አኪራ ሚያኬ የተባሉ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ እነዚህ ሦስቱ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ቢሆኑም የተለያዩ ችሎታዎች መሆናቸውን አሳይተዋል። ሥራን ማቀድ፣ ጊዜን መገመት፣ የጀመሩትን መፈጸም የሚባሉትም በእነዚሁ ላይ የቆሙ ናቸው።

ይህ ኃይል በይበልጥ የሚያያዘው ከግንባር በስተኋላ ካለው የአንጎል ክፍል ጋር ነው። ይህም ክፍል ዘግይተው ከሚበስሉት አንዱ ስለ ሆነ፣ ሰው ወደ 25 ዓመት ዕድሜ እስኪጠጋ ድረስ ዕድገቱን አይጨርስም። ስለዚህ በልጆች ሁሉ ዘንድ መጋቢው ገና ተለማማጅ ነው፤ በአንዳንዶቹ ደግሞ ከእኩዮቻቸው ይልቅ ይዘገያል። ልባቸውን መሰብሰብ የሚቸግራቸውን ልጆች ብዙ ዘመን የመረመሩት አሜሪካዊው ሊቅ ራስል ባርክሊ፣ እነዚህ ልጆች ራሳቸውን በመምራት ረገድ ከዕድሜ እኩዮቻቸው 30 ከመቶ ያህል ወደ ኋላ እንደሚቀሩ ገምተዋል። በዚህ ግምት የ10 ዓመቱ ልጅ ራሱን በመምራት እንደ 7 ዓመት ልጅ ነው ማለት ነው። ዕውቀቱና ብልሃቱ ግን ከእኩዮቹ ላያንስ ይችላል። ወላጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ በአፉ እንደ ዕድሜው ሲናገር ይሰሙትና ደብተሩን በመያዝም እንደዚያው እንዲሆን ይጠብቁታል።

«ሰነፍ» የሚለው ስም በልጅ ላይ ሲደጋገም ቀላል ነገር አይደለም። ልጁ መዠመሪያ ይከራከረዋል፤ ቀጥሎ ያምነዋል፤ በመጨረሻም እንደ ስሙ ይኖራል። ይህ ስም ወደ ምን እንደሚያደርስም እናውቃለን። ወንዱ «ትምህርት አልሆነለትም» ተብሎ ለእረኝነት ወይም ለቀን ሥራ ይሰጣል፤ ሴቲቱ ደግሞ ሕግ የወሰነው 18 ዓመት ሳይሞላት የጋብቻ ወሬ ይነሣባታል። የፈተናውም ነገር ወላጆችን አስጨንቋል፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩና። ነገር ግን ጭንቀታችንን በልጁ ጀርባ ላይ በዱላ ብናራግፈው ምን እናተርፋለን? ዱላ መጋቢውን አያበረታውም። የፈራ ልጅ አሳቡ ሁሉ ማምለጥ ስለሚሆን፣ በልቡ የያዘው ጥቂት ነገር እንኳ ይጠፋበታል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ኤፌሶን ሰዎች በላከው መልእክት አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ መክሯል።

ስለዚህ ነገር ከቅዱስ ያሬድ ታሪክ ብዙ እንማራለን። ግንቦት 11 ቀን መታሰቢያው ሲከበር እንደምንሰማው፣ በአክሱም ሕፃኑ ያሬድ ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርቱ አልያዝለት ብሎ ነበር። መምህሩም በቀጣው ጊዜ ሸሽቶ ሄደ። ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንዲት ትል ዛፉን ልትወጣ ስትጀምር፣ ስትወድቅ፣ እንደ ገናም ስትጀምር፣ በመጨረሻ በብዙ ድካም ወጥታ ፍሬውን ስትበላ አየ። ከዚህም በኋላ ወደ መምህሩ ተመልሶ ትምህርቱን ፈጸመ። እኛ ይህን ታሪክ ለልጆቻችን «አንተም እንደ ትሏ በርታ» እያልን እንነግራቸዋለን፤ መልካም ነው። ለወላጆችና ለመምህራን ግን ሌላም ትምህርት አለበት። ቅጣቱ ልጁን አሸሸው እንጂ አላስተማረውም፤ ሲመለስ ግን መምህሩ ተቀበለው። ትሏም ዛፉን በአንድ ጊዜ አልዘለለችውም፤ ግንዱን ይዛ ጥቂት በጥቂት ወጣች እንጂ። እኛስ ልጃችንን «በርታ» ከማለታችን በፊት የሚይዘውን ግንድ አዘጋጅተንለታልን?

ይህን የፎገራ ገበሬ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው የሚተኙበት ይህ ሜዳ ውሃ ስለሚያቁር ለብዙ ሰብል አይመችም ነበር። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ርዳታ ሩዝ ተሞከረበት፤ ከዚያም እየተስፋፋ ሄዶ ፎገራ በሩዝ ምርት በአገሪቱ ስመ ጥር ሆነ፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከልም በወረታ ተቋቋመ። መሬቱ አልተለወጠም፤ የሚስማማው ተገኘለት እንጂ። ደግሞም አባት ልጁን ወደ ሩዙ ማሳ ሲያወጣው «እርሻውን ጨርስ» አይለውም። «ከዚህ ጥግ እስከዚያ ድንበር አርም» ይለዋል፤ እርሱም አጠገቡ ሆኖ ያርማል። ማታ ግን ይኸው አባት «ሂድ፣ አጥና» ይለዋል። «አጥና» ማለት ለዚህ ልጅ «እርሻውን ጨርስ» እንደ ማለት ነው፤ ከየት እንደሚጀመር፣ ምን ያህል እንደ ሆነ፣ መቼ እንደሚያልቅ አያውቅምና። እንግዲህ የልጁ መጋቢ እስኪበረታ ድረስ ቤቱ ራሱ መጋቢ ይሁንለት። እንዴት ቢሉ፣ የሚከተለውን እናሳስባለን።

1ኛ፤ ለዕቃው ሁሉ ቦታ ይወሰን። ከበሩ አጠገብ አንድ ምስማር ይመታ፤ የደብተር መያዣው ሌላ ቦታ አይቀመጥ። ማታ ከመተኛት በፊት ለነገ የሚያስፈልገው ሁሉ ይግባበት፤ ጠዋት የጥድፊያ ጊዜ ነውና ለማስታወስ አይመችም። ለዚህ እናት ፊደል የቆጠረች መሆን አያስፈልጋትም። «ነገ ስንት ትምህርት አለህ?» ትበለው። «አራት» ካለ አራት የባቄላ ፍሬ ትስጠው። አንድ ደብተር በገባ ቁጥር አንድ ፍሬ ይመልስላት። በእጁ ፍሬ ከቀረ አንድ ደብተር ጎድሏል ማለት ነው።

2ኛ፤ ሥራው ይከፈል። ሦስት ትእዛዝ በአንድ ትንፋሽ ብንነግረው ሁለቱ ይጠፋሉ፤ ስለዚህ አንድ በአንድ ይነገረው። አሥር የሒሳብ ጥያቄ ቢኖርበት ሁለቱን ብቻ ገልጦ የቀረውን በወረቀት ይሸፍን። ይህ ልማድ ለቤታችን አዲስ አይደለም። የንባብ ቤት መምህራን ሕፃኑን በአንድ ጊዜ ወደ ዳዊት አያስገቡትም፤ ከፊደል ጀምሮ፣ ንባቡንም መዠመሪያ በቁጥር፣ ቀጥሎ በውርድ ንባብ፣ በኋላም በቁም ንባብ እያሻገሩ ያደርሱታል። ልጁም በስንደዶ እየጠቆመ ዓይኑን ከአንዲት ፊደል ላይ ያሳርፋል። ይህች ስንደዶ ዛሬም የሳይንሱን መጽሐፍ ለሚያነብ፣ መስመሩ ለሚጠፋበት ልጅ ታገለግላለች። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር ወደ ጋይንት የሚሄደው መንገድ የድጓው ቤተ ልሔም ወዳለበት አገር ያደርሳል፤ በዚያ የተማሩት ሊቃውንት ሁሉ የጀመሩት ከአንዲት ፊደል ነው።

3ኛ፤ ጊዜው በዓይን የሚታይ ይሁን። ለዚህ ልጅ «ጥቂት ቆይተህ» ወይም «በሚመጣው ሳምንት» ማለት ትርጉም የሌለው ቃል ነው። ማታ ቡና በሚፈላበት ቤት አቦል እስኪቀዳ አንዱን ሥራ፣ ቶና እስኪደርስ ሁለተኛውን ይሥራ፤ በበረካ ጊዜ የሠራውን መልሶ ይመልከት። በየመካከሉም ተነሥቶ ውሃ ቢያቀብል፣ እግሩን ቢያፍታታ መልካም ነው። ወሩንም በበዓላቱ ይቁጠር። ፈተናው ወር በገባ በ14ኛው ቀን ከሆነ፣ በአቦ ዕለት አንደኛውን ምዕራፍ፣ በሥላሴ ዕለት ሁለተኛውን ያጥና፤ በሚካኤል ዕለት ሁሉንም ይከልስ። እነዚህ ቀኖች በብዙ ቦታ ከእርሻ ሥራ የሚታረፍባቸው ስለ ሆኑ ለልጁም ጊዜ ይተርፈዋል።

4ኛ፤ ጅማሬው ከታወቀ ሥራ ጋር ይያያዝ። ፒተር ጎልቪትሰር የተባሉ ጀርመናዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ «እሠራለሁ» ብሎ ከመወሰን ይልቅ «ይህ ሲሆን ይህን እሠራለሁ» ብሎ መወሰን ለፍጻሜ ያደርሳል። ስለዚህ ልጁ «ዛሬ አጠናለሁ» አይበል፤ «ከብቱ በረት ሲገባ፣ እጄን ታጥቤ፣ ደብተሬን እከፍታለሁ» ይበል። ቃሉን ራሱ በአፉ ይናገረው፤ በየቀኑም ሰዓቱ አይለዋወጥ።

5ኛ፤ አጠገቡ ሰው ይኑር። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባል የለምን? እናት ጥጧን እየፈተለች፣ ወይም ታላቅ እኅቱ የራሷን ትምህርት እያጠናች ከጎኑ ብትቀመጥ፣ አሳቡ ሲሸሽ በዝግታ «አሁን የትኛው ላይ ደረስህ?» ብላ ትመልሰዋለች። ሥራውን ግን አትሥራለት። ሲጨርስም «ጎበዝ» ብቻ ከማለት ይልቅ «ዛሬ ሳይነገርህ ደብተርህን ከፈትህ» ይባል፤ ያን ጊዜ የተመሰገነበትን ነገር ለይቶ ያውቃል።

6ኛ፤ ከመምህሩ ጋር ስምምነት ይደረግ። በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ መምህሩ እያንዳንዱን ልጅ መከታተል ይከብደዋል። ሆኖም ልጁ ከፊት እንዲቀመጥ፣ የቤት ሥራውም በሰሌዳ ላይ እንዲጻፍለት መለመን ይቻላል። በአቅራቢያው የሚኖር አንድ የክፍል ጓደኛ ቢገኝ፣ ወደ ቤት ሲመለሱ «የዛሬው ሥራ ምን ነበር?» እየተባባሉ ቢሄዱ ይበጃል። አባትም የበኩሉን ያድርግ፤ በአጨዳ ወራት የልጁን እጅ የሚፈልግ እንደ ሆነ፣ የትኛው ሰዓት የእርሻ፣ የትኛው የትምህርት እንደ ሆነ አስቀድሞ ይወስን።

«ይህ ሁሉ ልጁን አያሞላቅቀውምን? እስከ መቼስ ነው?» የሚል አይጠፋም። ለዚህ መልሱ በጾማችን ሥርዓት ውስጥ አለ። ሕፃን ጾም ሲለምድ በመዠመሪያው ዓመት እስከ 9 ሰዓት እንዲቆይ የሚያስገድደው እናትና አባት የለም። መዠመሪያ ጥቂት ያቆዩታል፤ ከዚያ እስከ ቀትር፣ ከዚያም አልፎ፣ እያደር ራሱ ለራሱ የሚጾም ሰው ይሆናል። በትምህርቱም እንዲሁ ነው። ባቄላው ለአንድ ወር ከቆየ በኋላ በቃል መቁጠር ይተካው፤ ከዚያም እናት «ሁሉ ገብቷልን?» ብላ ብቻ ትጠይቅ፤ በመጨረሻም ዝም ትበል። ድጋፉ የሚነሣው በአንድ ጊዜ ሳይሆን አንድ በአንድ ነው። ፊሊፓ ላሊ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በለንደን ባደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት፣ አንድ አዲስ ልማድ እስኪደርጅ በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ፣ ለአንዳንዱም ሰው ከዚህ እጅግ እንደሚረዝም ተገኝቷል። ይህ ከዐቢይ ጾም 55 ቀን የሚበልጥ ነው፤ የተጠኑትም ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። በሁለተኛው ሳምንት «አልሆነም» ብለን የምንተው ከሆነ ሰነፎቹ እኛ ነን እንጂ ልጁ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ልጁ ጤነኛ መሆኑ ይታወቅ። ሰሌዳውን የማያይ፣ የመምህሩን ድምፅ አጥርቶ የማይሰማ፣ ሳይበላ የሚውል ወይም በቂ እንቅልፍ የማያገኝ ልጅ ልቡን መሰብሰብ አይችልም። በሜዳው አገር የወባ ነገርም ሊዘነጋ አይገባም። በኡጋንዳ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ ወደ አንጎል የወጣ ወባ ታመው ከዳኑት ልጆች ከአራቱ በአንዱ ያህል ላይ ከሁለት ዓመት በኋላም የአእምሮ ድክመት፣ ይልቁንም ልብን ያለመሰብሰብ ችግር እንደ ተገኘ ገልጿል። ስለዚህ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶ ማስመርመር፣ ካስፈለገም ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል ማድረስ ይገባል። ጠበል የሚያስጠምቅ ቤተ ሰብም ሐኪም ማሳየትን ከእምነት መጉደል አድርጎ አይቁጠረው።

ደግሞም የዘመኑን መከራ ማሰብ አለብን። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተዋል፤ ብዙ ልጆችም ከትምህርት ርቀው ቆይተዋል። ፍርሃትና የእንቅልፍ ማጣት የአእምሮን መጋቢ ያደክሙታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ደብተሩ የተመለሰ ልጅ የቀድሞው ልማዱ ቢጠፋበት አያስደንቅም፤ እንደ አዲስ፣ ከትንሹ ይጀመርለት። ትምህርት ቤቱ በተዘጋበትም ስፍራ፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ደብተር የሚከፈትበት ቤት የልጁን ልማድ ይጠብቅለታል።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ሳለ ልጃችሁ ነገም የሒሳቡን ደብተር ሊረሳ ይችላል። ያን ጊዜ «አላልሁህም?» ከማለት ይልቅ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ «ልጄ፣ ምን ብናደርግ አይረሳም ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። ምናልባት «እማዬ፣ ምስማሩ ከፍ ብሎብኝ ነው» ይላችሁ ይሆናል። እንዲህ ካለ ምስማሩን ዝቅ አድርጋችሁ ምቱለት።